የአርሜኒያ ሙዚየሞች፦ ጥቂት ቀን ላለው ጎብኚ የንጽጽር መመሪያ

አርሜኒያ ስፋቷ ወደ 30 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የሕዝቧም ቁጥር ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ትንሽ አገር ናት፤ ሙዚየሞቿ ግን ከስፋቷ ጋር የሚመጣጠኑ አይደሉም። በዋና ከተማዋ በዬሬቫን ብቻ የታሪክ፣ የብራና መጻሕፍት፣ የሥዕል፣ የጥንት ምሽግና የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ሙዚየሞች፣ እንዲሁም ወደ ሙዚየምነት የተለወጡ የታላላቅ ሰዎች መኖሪያ ቤቶች ስላሉ፣ ሦስት ወይም አራት ቀን ይዞ የሄደ ጎብኚ ሁሉንም ልይ ካለ አንዱንም በቅጡ ሳያይ ይመለሳል። የጉዞ ወኪሎች የሚያድሉት ዝርዝር ደግሞ ሁሉንም በእኩል ስለሚያሞግስ ለምርጫ እምብዛም አይረዳም።

ይህ መመሪያ ስድስት ሙዚየሞችን ያነጻጽራል። አራቱ በዬሬቫን ያሉት የአርሜኒያ የታሪክ ሙዚየም፣ የብራና መጻሕፍት ማኅደር የሆነው ማቴናዳራን፣ የኤሬቡኒ ሙዚየምና የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ሙዚየም ናቸው፤ ከከተማው ውጭ ያሉት ሁለቱ ደግሞ የኤችሚያዚን ካቴድራል ዕቃ ቤትና የሳርዳራፓት ሙዚየም ናቸው። የተመረጡት አንዱ የያዘውን ሌላው ስለማይተካው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ ዋናው ቅርስ፣ ወይም ቅርሱ የተገኘበት ቦታ ራሱ፣ መታየቱ ነው። በፎቶግራፍ በሚገባ ሊታይ የሚችለውን ነገር ለማየት ረጅም መንገድ መጓዝ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ያለው ሙዚየም ቅድሚያ ያገኛል።

ሁለተኛው ሙዚየሙ ያለ አስጎብኚ ምን ያህል እንደሚገባ ነው። በዋና ዋናዎቹ ሙዚየሞች መግለጫዎቹ በአርመንኛ፣ በሩሲያኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ። ይሁንና አብዛኞቹ የዕቃውን ስም፣ የተገኘበትን ቦታና ዘመኑን ብቻ የሚናገሩ አጫጭር ጽሑፎች ስለሆኑ፣ የአገሩን ታሪክ አስቀድሞ ላላነበበ ሰው ብዙ ሳይናገሩ ያልፋሉ። በእኔ ግምት ጎብኚዎች በተሳሳተ ቦታ የሚቆጥቡት እዚህ ላይ ነው፤ ለአንድ ሰዓት አስጎብኚ የሚከፈለው ገንዘብ ለሦስተኛና ለአራተኛ ሙዚየም መግቢያ ከሚከፈለው የበለጠ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ጊዜና ርቀት፣ አራተኛው ጠቅላላ ወጪ ነው። ጠቅላላ ወጪ የሚባለው የመግቢያ ትኬቱ ብቻ አይደለም፤ የሙዚየሞቹ መግቢያ ለአንድ ሰው በአመዛኙ ከ10 ዶላር በታች ስለሆነ የጉብኝቱን ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉት የአስጎብኚና የመኪና ክፍያዎች ናቸው። አምስተኛው ቦታው ከጎብኚው የሚጠይቀው አቅም ነው፤ ይህም የደረጃና የዳገት ጉዳይን፣ ከልጆች ጋር መሄድ መቻል አለመቻልን፣ በአንዱ ሙዚየም ደግሞ የመንፈስ ዝግጅትን ይጨምራል።

## የአርሜኒያ የታሪክ ሙዚየም

በሪፐብሊክ አደባባይ ላይ የሚገኘው ይህ ሙዚየም በ1919 ተመሥርቶ በ1921 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ ክምችቱ ወደ 400 ሺህ ቅርሶች ይደርሳል። ስለ አርሜኒያ ምንም ሳያነብ ለሄደ ሰው መነሻ ሊሆን የሚገባው ይህ ነው፤ ሌሎቹ አምስቱ አንድ ዘመን ወይም አንድ ጉዳይ ሲያሳዩ ይህ ግን ከድንጋይ ዘመን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን ያያይዛል።

የሙዚየሙ ትልቁ ብርታት የቅድመ ታሪክና የነሐስ ዘመን ክፍሎቹ ናቸው። በ2008 በደቡብ አርሜኒያ ከአሬኒ ዋሻ የተገኘው የቆዳ ጫማ ዕድሜው ወደ 5,500 ዓመት ይገመታል። ከአንድ የከብት ቆዳ ተቆርጦ እግሩን ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ከፊትና ከተረከዙ በኩል የቆዳ ጠፍር ተሰክቶበታል፣ ውስጡም ሣር ታጭቆበት ተገኝቷል። ሳይበሰብስ የቆየው የዋሻው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ በመሆኑ፣ በላዩ የተከመረው የበግ በጠጥም እንደ ክዳን ስላገለገለው ነው። ጎብኚ ሳጥኑ ዘንድ ቆም ብሎ የጠፍሩን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ቢመለከት፣ ዘመኑ የቱንም ያህል ቢርቅ ሥራው የሠለጠነ እጅ ሥራ መሆኑን ያያል።

ከዚያ ቀጥሎ ሊታይ የሚገባው ከሌቻሸን መቃብሮች የወጡት የእንጨት ሠረገላዎች ናቸው። በሶቪየት ዘመን የሴቫን ሐይቅ ውኃ ለኤሌክትሪክ ማመንጫና ለመስኖ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸና ለሦስት ሺህ ዓመታት ከውኃ በታች የነበሩ መቃብሮች ብቅ አሉ፤ እንጨቱ በእርጥብ አፈር ውስጥ ስለቆየ መንኮራኩሮቹ ሳይቀሩ ተርፈዋል። በ1987 የተገኘው የካራሻምብ የብር ጽዋም በዚሁ ሙዚየም ነው፤ በዙሪያው የአደን፣ የጦርነትና የግብዣ ምስሎች ረድፍ በረድፍ ተቀርጸውበታል።

ድክመቱ የክምችቱ ብዛት የሚያስከትለው ድካም ነው። ሁሉንም ክፍል በእኩል ትኩረት ለማየት የሚሞክር ጎብኚ ወደ መካከለኛው ዘመን ሲደርስ ዐይኑ ይሰለቻል። ሁለት ሰዓት ተኩል መድቦ የመጀመሪያውን ሰዓት ተኩል ለነሐስ ዘመንና በአካባቢው ለነበረው ለጥንታዊው የኡራርቱ መንግሥት ክፍሎች መስጠት ይሻላል። ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ በዚሁ ሕንፃ የላይኛው ፎቆች ላይ በሌላ ትኬት ይገባል፤ በሁለቱ በአንድ ቀን መመላለስን አልመክርም።

## ማቴናዳራን

አርመኖች የራሳቸውን ፊደል ያገኙት በ405 ዓ.ም. በመስሮፕ ማሽቶትስ አማካይነት መሆኑን በታሪካቸው ትልቅ ቦታ ይሰጡታል። በእርሱ ስም የተሰየመው ይህ ማኅደር ከ17 ሺህ በላይ የብራናና የወረቀት ጽሑፎችን ይጠብቃል፤ ክምችቱም በ1997 በዩኔስኮ የዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ተመዝግቧል። ለጎብኚ የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው በጓዳ ሆኖ ለተመራማሪዎች ይቀርባል። የሚታየው ጥቂቱ ግን በጥንቃቄ የተመረጠ ነው።

ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው ከ1200 እስከ 1202 ባሉት ዓመታት የተጻፈው የሙሽ ድርሳን ነው። ክብደቱ ወደ 28 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ከአጠገቡ የሚታየው በ1434 የተጻፈው ጥቃቅን መጽሐፍ ግን 19 ግራም ብቻ ነው። በ1915 ዛሬ በቱርክ ውስጥ ባለችው በሙሽ አካባቢ የነበሩ አርመኖች ሲፈጁ፣ እንደሚተረከው፣ ሁለት ሴቶች መጽሐፉን ለአንድ ሰው የማይቻል ሸክም ሆኖ ስላገኙት ለሁለት ከፍለው ተሸከሙት። አንደኛው ክፍል ኤችሚያዚን ሲደርስ ሌላው በመንገድ በአንድ ገዳም ቅጥር ተቀበረ፤ በኋላም ተቆፍሮ ወጣና ሁለቱ ክፍሎች ተገናኙ። ይህን ሳያውቅ ያለፈ ጎብኚ የሚያየው አንድ ትልቅ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ማቴናዳራን ያለ አስጎብኚ አይጎብኝ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የብራና ባህል ባለበት አገር ያደገ አንባቢ ከማንም የበለጠ የሚጠቀመው እዚህ ነው። የፍቀቱን፣ የመስመሩን፣ የሐረጉንና የወንጌላውያኑን ሥዕል አቀማመጥ ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ልዩነቱን የሚያሳየው ሰው ነው። በቀለም ዝግጅቱ ሣጥን ውስጥ ከማዕድኖቹ ጋር በአራራት ሜዳ የምትገኘው ትንሽ ነፍሳት ትታያለች፤ የአርመን ጸሐፍት የሚመኩበት ቀይ ቀለም የሚወጣው ከእርሷ ነው። የወርቁን ቅጠል ለማጣበቅ ደግሞ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ይጠቀሙ ነበር። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ግእዝ ጠብቆ እንዳቆየው ሁሉ፣ በግሪክ ቋንቋ የጠፋውን የቂሳርያው አውሳብዮስ የዘመን ታሪክ መጽሐፍ ያቆየው የአርመንኛ ትርጉሙ ነው። ይህን እያሰቡ በእነዚያ ክፍሎች ማለፍ ጉብኝቱን ሌላ ያደርገዋል።

ማቴናዳራን የሚገኘው በማሽቶትስ ጎዳና ጫፍ ኮረብታ ላይ ሲሆን ከሪፐብሊክ አደባባይ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መጨረሻው ዳገትና ደረጃ ነው። ለጉብኝቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

## የኤሬቡኒ ሙዚየምና ምሽጉ

የኡራርቱ ንጉሥ ቀዳማዊ አርጊሽቲ በ782 ከክርስቶስ ልደት በፊት ይህን ምሽግ መሥራቱን የሚናገረው የድንጋይ ጽሑፍ በ1950 ተገኝቷል፤ ዬሬቫንም የልደት ዘመኗን የምትቆጥረው ከእርሱ ነው። ሙዚየሙ የተከፈተው ከተማዋ 2,750ኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1968 ነው።

የኤሬቡኒ ብልጫ ቅርሱና ቦታው አንድ ላይ መገኘታቸው ነው። ከኮረብታው ሥር ባለው ሙዚየም የኩኔይፎርም (የሽብልቅ ቅርጽ ባላቸው ምልክቶች የተቀረጹ) ጽሑፎቹን፣ የወይን ጠጅ ጋኖቹንና የግድግዳ ሥዕሎቹን ቅሪት አይቶ ደረጃውን የወጣ ሰው፣ ላይ ሲደርስ የቤተ መቅደሱንና የመጋዘኖቹን መሠረት ያገኛል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን አራራት ተራራ ከፊት ለፊት ይታያል። ይሁንና ግንቡ በብዛት የታደሰ ስለሆነ የትኛው ጥንታዊ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ በላይ ያለው መግለጫም ጥቂት ነው። መሮጥና መውጣት ለሚወዱ ልጆች ከስድስቱ ሁሉ የሚመቸው ይህ ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ደረጃው ረጅም ነው። በሙቀቱ ወራት ጥላ ስለሌለው ከጠዋቱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ገደማ መሄድ ይገባል።

## የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ሙዚየም

በጺጼርናካበርድ ኮረብታ ላይ ያለው ሐውልት በ1967፣ ሙዚየሙ ደግሞ በ1995 ተሠርቶ በ2015 ተስፋፍቶ ተከፍቷል። መግቢያው ነጻ ነው። በኦቶማን መንግሥት ዘመን ከ1915 ጀምሮ እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርሱ አርመኖች እንዳለቁ ይገመታል፤ ሙዚየሙም ይህንኑ በሰነድ፣ በፎቶግራፍና በምስክሮች ቃል ያቀርባል። አቀራረቡ ቅደም ተከተል ያለውና መግለጫው የተሟላ ስለሆነ ያለ አስጎብኚ በሚገባ የሚነበበው ከስድስቱ ይህ ነው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸውና «አርባ ልጆች» የተባሉት የሙዚቃ ተማሪዎች ከዚያ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ፤ የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል።

በክፍሎቹ ያሉት ፎቶግራፎች ከባድ ስለሆኑ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ወደ ውስጥ ማስገባት ተገቢ አይመስለኝም፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከሐውልቱና ከማይጠፋው እሳት ዘንድ መቆየት ይችላል። ሙዚየሙን ከተመለከቱ በኋላ ሌላ ሙዚየም ለዚያ ቀን ባይቀጠር መልካም ነው። ጊዜው ሐውልቱን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ነው።

## የኤችሚያዚን ዕቃ ቤት

ከዬሬቫን በስተ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኤችሚያዚን የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ (የበላይ አባት) መንበር ነው። ካቴድራሉን ጎርጎርዮስ ብርሃናዊ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደመሠረተው ትውፊቱ ይናገራል። በዕቃ ቤቱ ከሚጠበቁት መካከል የጌታን ጎን የወጋው እንደሆነ የሚታመነውና ለረጅም ዘመን በጌጋርድ ገዳም የቆየው ጦር፣ ከኖኅ መርከብ እንደተወሰደ የሚነገርለት የእንጨት ቁራጭ፣ በቅብዐ ሜሮን ጸሎት ጊዜ የሚወጣው የቅዱስ ጎርጎርዮስ ቀኝ እጅ፣ እንዲሁም አልባሳትና መስቀሎች ይገኛሉ።

እንደ ሙዚየም ብቻ ከተመዘነ አቀራረቡ ከታሪክ ሙዚየሙ ያንሳል፤ ቅርሶቹ ግን አሁንም በአምልኮ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ይህ ነገር በሌሎቹ አምስቱ የለም። በእምነት የሚሄድ ጎብኚ በጦሩ ዘንድ ምእመናን ሲሳለሙ ያያል። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት እኅት በሆነች ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ መቆም ደግሞ የሚታወቀውንና የማይታወቀውን በአንድ ላይ ያሳያል። በቅጥሩ ውስጥ ከአንድ በላይ የቅርስ ማሳያ ስላለ፣ ትኬት ከመግዛት በፊት ጦሩ በየትኛው እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመመለሻ መንገድ ላይ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የዝቫርትኖጽ ካቴድራል ፍርስራሽ ስላለ ሁለቱን በአንድ ግማሽ ቀን ማየት ይቻላል።

## ሳርዳራፓት

በግንቦት 1918 አርመኖች የኦቶማንን ጦር በመመከት ነጻነታቸውን ያተረፉበት ቦታ ነው። ሐውልቱ በ1968፣ ከጎኑ ያለው የብሔረሰብ ባህል ሙዚየም በ1978 ተሠርተዋል። ምንጣፍ፣ የገበሬ ዕቃ፣ ልብስና ጌጣጌጥ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ሕንፃው ራሱ ጥቂት መስኮቶች ብቻ ያሉት፣ መስኮቶቹም ወደ አራራትና ወደ አራጋጽ ተራሮች የሚያሳዩ ውብ ሥራ ነው። ነገር ግን ከዬሬቫን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ የሕዝብ ማመላለሻውም አመቺ ስላልሆነ መኪና መከራየት የግድ ይላል። አራት ቀን የሌለው ጎብኚ ቢተወው ብዙ አይጎዳም።

## በአጭሩ ለማነጻጸር

| ሙዚየም | ዋና ብርታቱ | አስጎብኚ | ጊዜ | ወጪ | ልብ የሚባል |
|---|---|---|---|---|---|
| የታሪክ ሙዚየም | ከድንጋይ ዘመን እስከ ዘመናችን | ቢኖር ይመረጣል | 2 ሰዓት ተኩል | መካከለኛ | ብዛቱ ያደክማል |
| ማቴናዳራን | የብራና መጻሕፍት | የግድ ያስፈልጋል | 1 ሰዓት ተኩል | ከአስጎብኚ ጋር ከፍ ያለ | ዳገትና ደረጃ |
| ኤሬቡኒ | ቅርስና ቦታ በአንድነት | ለምሽጉ ይጠቅማል | 2 ሰዓት | ዝቅተኛ | ረጅም ደረጃ፣ ፀሐይ |
| የዘር ማጥፋት መታሰቢያ | ሰነድና ምስክርነት | አያስፈልግም | 2 ሰዓት | መግቢያው ነጻ | ለትናንሽ ልጆች አይሆንም |
| የኤችሚያዚን ዕቃ ቤት | ሕያው የቤተ ክርስቲያን ቅርስ | ቢኖር ይመረጣል | ግማሽ ቀን ከመንገዱ ጋር | መካከለኛ | የአለባበስ ሥርዓት |
| ሳርዳራፓት | የሕዝብ ባህልና ምንጣፍ | ቢኖር ይመረጣል | ግማሽ ቀን ከመንገዱ ጋር | በመኪናው ምክንያት ከፍተኛ | ሩቅ ነው |

## ለማን የትኛው?

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ጠዋት ማቴናዳራንን በአስጎብኚ አይቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ታሪክ ሙዚየሙ ይውረድ። ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ የብራናዎቹ ዝርዝር ትኩስ ዐይን ስለሚፈልግ፣ መንገዱም ከማቴናዳራን ወደ አደባባዩ ቁልቁለት ስለሆነ ነው። ሁለተኛ ቀን ካገኘ ጠዋት ኤችሚያዚንንና ዝቫርትኖጽን፣ ሦስተኛ ቀን ካለው ደግሞ የዘር ማጥፋት መታሰቢያውን ብቻውን ይጨምር።

ገንዘቡን ለሚቆጥብ ሰው የመታሰቢያ ሙዚየሙ ነጻ ነው፤ የታሪክ ሙዚየሙም ከምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) ጣቢያ አጠገብ ስለሆነ ታክሲ አያስፈልገውም። ማቴናዳራን ያለ አስጎብኚ ከሚታይ ግን ሌሎች ጎብኚዎችን በትኬት መስኮቱ ዘንድ ጠብቆ ክፍያውን መጋራት ይበጃል፤ የአስጎብኚው ክፍያ ብዙውን ጊዜ በቡድን እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም።

ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ኤሬቡኒ ቀዳሚ ነው፤ ከታሪክ ሙዚየሙ ደግሞ ጫማውንና ሠረገላዎቹን ብቻ አሳይቶ መውጣት ይቻላል። ካህናት፣ የግእዝና የብራና ተማሪዎች ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ ይምረጡ፤ ማቴናዳራንና ኤችሚያዚንን፤ በቀረው ቀንም ማቴናዳራንን ደግመው ቢያዩት ይጠቀማሉ። መውጣትና መውረድ ለሚከብደው አረጋዊ የታሪክ ሙዚየሙና ኤችሚያዚን ይመቹታል። የኪነ ጥበብ ፍላጎት ያለው ሰው ከስድስቱ ውጭ የፊልም ሠሪውን የሰርጌ ፓራጃኖቭን ሙዚየም ይጨምር፤ ቤቱ ለእርሱ ተሠርቶ ሳይገባበት በ1990 ቢያርፍም በእጁ የሠራቸው ከቁርጥራጭ የተገጣጠሙ ሥዕሎች (ኮላዥ)፣ አሻንጉሊቶችና ባርኔጣዎች ሞልተውበታል፤ አንድ ሰዓትም ይበቃዋል።

## ከመነሣት በፊት

ሰኞ አብዛኞቹ ሙዚየሞች ዝግ ናቸው፤ ማቴናዳራን እሑድም የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቀኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል። ስለዚህ ሰኞን ለጋርኒ ቤተ መቅደስና ለጌጋርድ ገዳም መተው ጥሩ መላ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 24 (ሚያዝያ 16) የመታሰቢያው ዕለት በመሆኑ ወደ ጺጼርናካበርድ የሚወጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል፤ ሥርዓቱን መካፈል ለሚፈልግ ሰው ታላቅ ቀን ነው፤ ሙዚየሙን በጸጥታ ማንበብ ለሚፈልግ ግን አይሆንም። ኤችሚያዚን እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ዕቃ ቤቱን ከቅዳሴ በኋላ ማየት ይቻላል፤ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ ቢይዙ፣ ወንዶችም ቁምጣ ባይለብሱ ይገባል። ትኬት በአገሩ ገንዘብ በድራም ስለሚከፈል፣ በተለይም ከዬሬቫን ውጭ ለሚኬድበት ቀን፣ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይመከራል።